ሊንከን በወጣቶች ማኅበር ስብሰባ

የፖለቲካ ማኅበር ለምርጫ የታሰበውን ሰው ጋብዞ ሲያናግር፥ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰማው ተስፋና ሙገሳ ነው። የኒውዮርክ ሪፑብሊካን ወጣቶች ማኅበር እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 27 ቀን 1860 በኩፐር ዩኒየን አዳራሽ ያሰማው ግን የታሪክ ምርመራ ነበር። ተናጋሪው አብርሃም ሊንከን በ1858 ለሴኔት ተወዳድሮ ያልተሳካለት የኢሊኖይ ጠበቃ ነበር። የክርክሩም ነገር፥ ማዕከላዊው መንግሥት ባርነት ወደ አዲሶቹ ግዛቶች እንዳይስፋፋ ለመከልከል ሥልጣን አለው ወይስ የለውም የሚል ነው። ሊንከን ሕገ መንግሥቱን የፈረሙትን የ39 ሰዎች ሥራ መርምሮ፥ 21ዱ ይህን ሥልጣን እንደ ተቀበሉ አስረዳ። ባርነት በነበረበት ስፍራ ይሻር ግን አላለም። ንግግሩ በጋዜጦች ታትሞ ስሙን በምሥራቁ ክፍል አሳወቀ፤ በዚያው ዓመትም ፕሬዚዳንት ሆኖ ተመረጠ። እንግዲህ የማኅበር መድረክ የሚከበረው ተናጋሪው ይዞት በሚቀርበው ማስረጃ ነው።