ሣራ በርናር

ፈረንሳዊት የመድረክ ተዋናይት (እ.ኤ.አ. 1844–1923)። በ1862 በኮሜዲ ፍራንሴዝ ቴአትር በራሲን ተውኔት «ኢፊጄኒ» ብትጀምርም ጅማሬዋ አላማረላትም፤ በማግሥቱ ዓመት አንዲት አንጋፋ ባልደረባዋን በጥፊ መትታ ከቴአትር ቤቱ ወጣች። ስሟ የገነነው በ1869 በኦዴዮን ቴአትር፣ በፍራንሷ ኮፔ «ለ ፓሳን» ነው፤ ያውም ወንድ ሆና ተጫውታ። ወደ ኮሜዲ ፍራንሴዝ በክብር ተመልሳ በ«ፌድር» አድናቆት ብታተርፍም፣ በ1880 ተጣልታ ለቀቀችና ቡድኗን ይዛ አሜሪካን አዳረሰች። በ1899 በስሟ በሰየመችው ቴአትር ሐምሌትን ሆነች፤ በዓመቱ ደግሞ፣ በ55 ዓመቷ፣ በ«ሌግሎን» የናፖሊዮንን ወጣት ልጅ። ይህ ድፍረት ዛሬም ያስገርማል። በ1915 ቀኝ እግሯ ተቆረጠ። ሰው ሠራሽ እግር አልፈለገችም፤ በወንበር እየተሸከሟት ጦር ግንባር ድረስ ሄዳ፣ እንደተቀመጠች ለወታደሮች ተወነች።