ረጅም እጀታ ያለው የቀንድ አውጣ መረብ
እንጨት፣ ብረት፣ የሽቦ ወንፊት

ከአሊዩ አምባ ከተማ ቁልቁል የሚወርዱት ወንዞች ወደ አዋሽ ያቀናሉ። በመካከለኛውና በታችኛው አዋሽ ረግረጎች የሽንት ፊኛ ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፈው ቡሊነስ አቢሲኒከስ የተባለ ቀንድ አውጣ ይኖራል፤ በወንጂ የሸንኮራ አገዳ ቦዮች ደግሞ የአንጀቱን የሚያዛምተው ባዮምፋላሪያ ፋይፈሪ።

መረብ መንከር ማንም ይችላል፤ ከባዱ የቀንድ አውጣዎቹን ቆጠራ ማቀድ ነው። ቀንድ አውጣ እኩል ተበትኖ አይገኝም፤ አረም ባለበትና ውኃው በተኛበት ይከማቻል። ስለዚህ ቦታው ቀድሞ ተመርጦ ምልክት ይደረግበታል። ያው ሰው፣ በዚያው መረብ፣ ለተወሰነ ደቂቃ (ብዙ ጊዜ ከ15 እስከ 30) ዳር ዳሩን ይጠርጋል። የተለቀመው ነጭ ትሪ ላይ ይዘረገፋል፤ ባዶ ቅርፊት ከሕያው ጋር አይደመርም። ቆጠራው በየወቅቱ ካልተደገመ፣ የክረምት ጎርፍ የወሰደው «ጠፋ» ተብሎ ይመዘገባል። ሕያዎቹ ለየብቻ ውኃ ባለበት ብልቃጥ ተደርገው ብርሃን ላይ ይቀመጣሉ፤ በሽታውን የተሸከመው ጥቃቅን እጮችን ይለቃል።

ተመራማሪው አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ፣ በእንዶድ ልብስ ከሚታጠብበት ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን ያስተዋሉት ወንዝ ለወንዝ በዚህ ዓይነት ጥናት ላይ ሳሉ ነው።

እጮቹ በቆዳ ስለሚገቡ ለቃሚዎች ቦቲና ጓንት ያደርጋሉ። እርስዎም በማያውቁት ቦይ በባዶ እግር አይግቡ።