የደቅ ደሴት ትውፊትና የመፀው ጉዞ

በኢትዮጵያ የዘመን አቆጣጠር መፀው የሚባለው ወቅት ከመስከረም 26 ቀን ይጀምርና እስከ ታኅሣሥ 25 ቀን ይዘልቃል፤ ከዚሁ ውስጥ እስከ ኅዳር 5 ቀን ያለው ክፍል በቤተ ክርስቲያን ዘመነ ጽጌ እየተባለ ይጠራል። ዝናሙ ያቆማል፤ ጣና በክረምት ወንዞች ሞልቶ ይሰፋል፤ የደቅ ደሴት መንገድም ጭቃው ደርቆ ለእግረኛ ይመቻል። የዳጋ ገዳም የሚጠራበት የቅዱስ እስጢፋኖስ በዓል ጥቅምት 17 ቀን፣ በደቅ ካሉት አብያተ ክርስቲያናት አንዱ የተሰየመባቸው የአርባዕቱ እንስሳ በዓልም ኅዳር 8 ቀን የሚውሉት በዚሁ ወቅት ነው። ስለዚህ ተሳላሚው ከአገሩ ሰዎች ጋር፣ ተማሪው ከመምህሩ ጋር፣ ጎብኚውም ከመንገድ መሪው ጋር ሆኖ ደሴቲቱን በእግር ለመዞር ከመፀው የተሻለ ጊዜ አያገኝም።

ደቅ ከጣና ደሴቶች ሁሉ ሰፊዋ ናት፤ ስፋቷም 16 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መንደርና እርሻ ስላላት እንደ ትንንሾቹ ደሴቶች የመነኮሳት መኖሪያ ብቻ አይደለችም። ተጓዡ ከወደቡ ወጥቶ በማሳው መካከል ሲያልፍ፣ በየአብያተ ክርስቲያናቱ ዐጸድ ሲያርፍ፣ በየቦታው የሚነገር አንድ ታሪክ አለ፤ ታሪኩም ከድንጋይ፣ ከበር፣ ከመቃብር ወይም ከዛፍ ጋር የተያያዘ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት የጣናን አካባቢ በ2015 እ.ኤ.አ. በዓለም የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራዎች መዝገብ አስፍሮታል፤ የአገሩ ሰው ግን ከዚያ አስቀድሞ ሥፍራውን የሚጠብቀው በትውፊት ነበረ። ይህን ትውፊት በሚሰሙ ሰዎች ዘንድ ሁለት ዓይነት ስሕተት ይታያል። አንዱ የተነገረውን ሁሉ እንደ ወረደ መቀበል ነው፤ ሁለተኛው ተረት ነው ብሎ ማለፍ ነው። ሁለቱም ዋናውን ጥያቄ ይዘልሉታል፤ ይኸውም ተራኪው ምንን ለማስታወስ ፈልጎ ምንን ሳይናገር ተወ የሚለው ነው። ከዚህ በታች የሚሰጡት የነገሥታትና የመጻሕፍት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

ከደቅ በስተ ምሥራቅ ጫካ የለበሰው የዳጋ ተራራ ከውሃው ቀጥ ብሎ ይነሣል። የዳጋ እስጢፋኖስ መሥራች አባ ሂሩተ አምላክ በድንጋይ ታንኳ ሐይቁን ተሻግረው እንደ መጡ ይነገራል። ሂሩተ አምላክ ከያፍቅረነ እግዚእ፣ ከዘዮሐንስና ከበትረ ማርያም ጋር የጣና ሰባቱ ከዋክብት ከሚባሉት ቅዱሳን አንዱ ናቸው። ድንጋይ እንደማይንሳፈፍ ተራኪው አያጣውም፤ ተአምር የሚያሰኘውም ይኸው ነው። ሆኖም ትውፊቱ ሂሩተ አምላክን የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አበምኔት የነበሩት የአቡነ ኢየሱስ ሞዐ ደቀ መዝሙር ያደርጋቸዋል። ሐይቅ እስጢፋኖስም በወሎ በሐይቅ ውስጥ የተመሠረተ፣ ስሙም የዚያው ሰማዕት የሆነ ገዳም ነው። ስለዚህ የድንጋዩ ታንኳ ታሪክ የምንኩስና ሥርዓት ከአንዱ ሐይቅ ወደ ሌላው ሐይቅ በደቀ መዝሙርነት መተላለፉን የሚያስታውስ ነው ቢባል ከእውነት አያርቅም። ታንኳው ድንጋይ መሆኑን ለማስረዳት መድከም አያስፈልግም፤ የሁለቱን ገዳማት ስም አንድነት ማስተዋል ይበቃል።

በዳጋ የሚታየው ሁለተኛው ነገር የነገሥታት ዐፅም ነው። ይኩኖ አምላክ (1270–1285)፣ ዳዊት፣ ዘርዐ ያዕቆብ (1434–1468)፣ ዘድንግልና ፋሲለደስ (1632–1667) በዚያ እንዳረፉ ይነገራል። ዘርዐ ያዕቆብ ያረፉት በደብረ ብርሃን ነው፤ ዐፅማቸው በዳጋ የሚገኘው ከዚያ ፈልሶ ነው ማለት ነው። ከነገሥታቱ አብዛኞቹ በሕይወታቸው ከቦታ ወደ ቦታ በድንኳን ከተማ ሲዘዋወሩ የኖሩ ስለሆኑ፣ በውሃ የተከበበ ደሴት ለዐፅማቸው ከየብሱ ይልቅ የተጠበቀ ማረፊያ ሆኖላቸዋል።

ከእነዚህ ነገሥታት መካከል የዘድንግል ነገር ለታሪክ ተማሪ ልዩ ትምህርት ይሰጣል። ዐፄ ሠርፀ ድንግል በ1597 በሞቱ ጊዜ መኳንንቱ ሕፃኑን ያዕቆብን አንግሠው፣ የሟቹን ንጉሥ የወንድም ልጅ ዘድንግልን በደቅ ደሴት አሰሩት። ዘድንግል ከእስር አምልጦ በ1603 ነገሠ፤ በ1604 ግን በጦርነት ተገደለ። በሕይወቱ የታሰረባት ደቅና በሞቱ የከበረባት ዳጋ በጠባብ ውሃ ብቻ የሚለያዩ ናቸው። ዳጋ ላይ የሚነገረው ስለ ንጉሡ ዐፅም ነው፤ እስረኛው ግን የሚታወቀው በጽሑፍ ነው። ቃል የሚያነሣውን ብቻ የሰማ ሰው ደሴቲቱን የመጠጊያና የክብር ቦታ ብቻ አድርጎ ያስባታል፤ ጽሑፉን ያነበበ ሰው የጣና ውሃ ለመጠበቅም ለማሰርም ያገለገለ መሆኑን ይረዳል።

በዳጋ ሌላም መታወቅ ያለበት ነገር አለ። ገዳሙ የወንዶች ስለሆነ ሴቶች ወደ ደሴቱ አይወጡም፤ ስለዚህ ወንድና ሴት የተቀላቀሉበት የተጓዦች ጉባኤ በዳጋ ወደብ ለሁለት ይከፈላል። ጉባኤው እንደገና አንድ ሆኖ የሚጓዘው በደቅ ነው፤ የጉዞውም ፍጻሜ በደቅ ምዕራባዊ ጫፍ ያለችው ናርጋ ሥላሴ ትሆናለች። ናርጋን ያሠሯት እቴጌ ምንትዋብ ናቸው። እርሳቸውም የዐፄ በካፋ ባለቤት ነበሩ፤ ልጃቸው ዳግማዊ ኢያሱ (1730–1755) በነገሠ ጊዜ የነገሥታትን ዘውድ ደፍተው መንግሥቱን ከልጃቸው ጋር መርተዋል። በመቅደሱ ግድግዳ ላይ እመቤታችን ልጇን ታቅፋ ስትታይ፣ እቴጌይቱ ከእግሯ በታች ተደፍተው ተሥለዋል። የጣናን አብያተ ክርስቲያናት ሥዕል ያጠኑት ክሌር ቦስ ቲየሴ በ2008 ባሳተሙት መጽሐፍ እንዲህ ያለው ሥዕል የሃይማኖትም የሥልጣንም ምስክር መሆኑን አስረድተዋል። ሥዕሉን የሚያይ ሰው ትሕትናውን ብቻ ቢመለከት ይሳሳታል፤ ዘወትር ቅዳሴ በሚደረግበት ሥፍራ መልኳን ያኖረች ንግሥት እንዳትረሳ መፈለጓ ግልጽ ነው።

በናርጋ በር ላይ ፒፓ የያዘ ሰው ምስል ተቀርጾ ይታያል፤ ይህም የስኮትላንዱ ተጓዥ የጄምስ ብሩስ ምስል ነው እየተባለ ለጎብኚ ይነገራል። ይህ አነጋገር ከዘመን ጋር መመዛዘን አለበት። ብሩስ ምጽዋ የደረሰው በ1769፣ ጎንደር የገባው በ1770 ሲሆን፣ ናርጋ የተሠራችው ከዚያ አስቀድሞ ነው። እንግዲህ ምስሉ ከበሩ ጋር አብሮ የተቀረጸ ከሆነ የብሩስ ሊሆን አይችልም፤ የብሩስ ከሆነም በኋላ የተጨመረ መሆን አለበት። ይሁን እንጂ ታሪኩ ያለ ምክንያት አልተነገረም። ብሩስ በቁስቋም በእቴጌ ምንትዋብ ቤተ ሰብ ዘንድ እንደ ሐኪም ሆኖ የተቀመጠ ሰው ነው፤ የእንግዳው ስም ከእቴጌይቱ ስም ጋር ተያይዞ መታወሱ እውነተኛ መሠረት አለው። ትውፊቱ ዘመኑን ቢያዛባም የሰዎቹን ዝምድና አልረሳም።

እስካሁን የተዘረዘረው ሁሉ የገዳምና የቤተ መንግሥት ትዝታ ነው። ከደቅ ማዶ በባሕር ዳርና በሐይቁ ዳርቻ የሚኖሩት ነገደ ወይጦ በዚህ ትረካ ውስጥ አይገኙም። እነዚህ ሰዎች ከጥንት ጀምሮ ዓሣ በማጥመድና ጉማሬ በማደን የኖሩ፣ ደንገል አጭደው፣ አድርቀውና አስረው ታንኳ የሚሠሩ ናቸው። የጉማሬ ሥጋ በመብላታቸው ጎረቤቶቻቸው ሲያገልሏቸው ኖረዋል። ብሩስ ባለፈበት ዘመን ከሌሎቹ ሁሉ የተለየ ቋንቋ ይናገሩ እንደ ነበረ ጽፏል፤ ያ ቋንቋ ጠፍቶ ዛሬ የሚናገሩት አማርኛ ነው። እዚህ ላይ የተጓዡ ሐሳብ ሊቆም ይገባል። ትውፊቱ የእንግዳውን ፒፓ በበር ላይ ሲያሳይ፣ እንግዳው ራሱ በመጽሐፉ ያነሣቸውን የአገር ሰዎች አያነሣም። ቅዱሱ የተሻገሩበት የድንጋይ ታንኳ ሲታወስ፣ መነኩሴውም ነጋዴውም በየዕለቱ ሲሻገርበት የኖረውን የደንገል ታንኳ የሠራው እጅ አይታወስም።

ለዚህ ዝምታ መድኃኒት የሚገኝበት ጊዜ እያጠረ መሄዱ ሊታወቅ ይገባል። በሞተር የሚሄድ ጀልባ የታንኳውን ሥራ ወስዷል፤ ረግረጉ ወደ እርሻ ሲለወጥ ደንገሉ እየሳሳ ሄዷል፤ ከ2011 ወዲህም እንቦጭ የተባለው አረም በሐይቁ ላይ ተስፋፍቷል። የገዳማቱ የብራና መጻሕፍት ግን ተመዝግበዋል፤ ኤርንስት ሐመርሽሚት ያዘጋጁት የጣና ብራናዎች ዝርዝር የመጀመሪያ ክፍል በ1973 ታትሟል። ደንገል መቼ እንደሚታጨድ፣ እንዴት እንደሚታሰር፣ የታንኳው ክፍል ሁሉ ምን ተብሎ እንደሚጠራ የሚያውቀው ሽማግሌ ግን ያለ መዝገብ ያልፋል።

በ1950ዎቹ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የነበረው የኢትኖሎጂ ማኅበር ተማሪዎች የየአገራቸውን ልማድ ከሽማግሌ እየጠየቁ ይጽፉ ነበር። በመፀው ወደ ደቅ የሚሄድ የተማሪዎች ጉባኤም ይህንኑ መንገድ ቢከተል ይጠቅማል። ጉዞው ከገዳሙ በር ሳይሆን ከሐይቁ ዳር፣ ታንኳ ከሚሠራበት ቦታ ቢጀመር፤ የተነገረው ታሪክ ሁሉ ከተነገረበት ቦታና ከተራኪው ማንነት ጋር ቢጻፍ፤ ሴቶቹ ተማሪዎችም ወንዶቹ በዳጋ በሚቆዩበት ሰዓት በደቅ መንደሮች ከእናቶች የሚሰሙትን ቢመዘግቡ፣ የአንድ ቀን የእግር ጉዞ የሦስት ወገን ምስክር ይዞ ይመለሳል፤ የገዳሙን፣ የመንደሩንና የውሃውን ሰው።