የወንድ ጌጥ፣ የሰዓት ገበያ

በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አውሮፓ ሰዓትን በእጅ ማሰር የሴት ጌጥ ነበር። የተከበረ ወንድ ሰዓቱን በሰንሰለት አንጠልጥሎ በሰደርያው ኪስ ይይዝ ነበር። ዛሬ ግን በብዙ አገሮች ወንድ ሳይሽኮረመም የሚያደርገው ዋነኛ ጌጥ የእጅ ሰዓት ነው። ለወንድ የሚገባና የማይገባ የሚባለው ነገር ቴክኖሎጂና ገበያ በተቀየሩ ቁጥር አብሮ እንደሚቀየር ከዚህ የተሻለ ምስክር ማግኘት አዳጋች ነው።

የመጀመሪያው ለውጥ ከሥራ የመጣ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1904 ሉዊ ካርቲየ ለብራዚላዊው አብራሪ ለአልቤርቶ ሳንቶስ ዱሞን የእጅ ሰዓት ሠራለት፤ በበረራ ላይ ያለ ሰው እጁን ወደ ኪሱ መስደድ አይችልምና። አንደኛው የዓለም ጦርነት ጉዳዩን ቋጨው። የእግረኛው ጦር ግስጋሴ ከመድፍ ተኩስ ጋር በደቂቃ መናበብ ስለነበረበት፣ ከምሽግ የተመለሰው ወታደር ሰዓቱን በእጁ እንዳሰረ ተመለሰ። የሴት ጌጥ የጀግና ምልክት ሆነ።

ሁለተኛው ለውጥ ከኤሌክትሮኒክስ መጣ። ሴይኮ በታኅሣሥ 1969 በቶኪዮ ያቀረበው የኳርትዝ ሰዓት በወር የሚያዛንፈው ከአምስት ሴኮንድ አይበልጥም ነበር። በ1972 የወጣው ፑልሳር የተባለው ዲጂታል ሰዓት 2,100 ዶላር ያወጣ ነበር፤ አሥርት ዓመቱ ሳያልቅ ግን ዲጂታል ሰዓት በ10 ዶላር ገደማ ይሸጥ ጀመር። በ1970 ወደ 90,000 ይጠጋ የነበረው የስዊዘርላንድ ሰዓት ሠራተኛ በ1980ዎቹ አጋማሽ ወደ 30,000 ገደማ አሽቆለቆለ።

እንደ ተራ የገበያ ስሌት ቢሆን ኖሮ ባለ ጥርስ ሰዓት በዚያው መጥፋት ነበረበት። ነገር ግን ትክክለኛነቱን በርካሽ ዕቃ የተነጠቀው ሰዓት ክብርን መሸጥ ጀመረ። ቶርስተን ቬብለን በ1899 የታይታ ፍጆታ ያለው ነገር በተግባር ታየ። ፓቴክ ፊሊፕ ከ1996 ጀምሮ አባትና ልጅን ጎን ለጎን በሚያሳዩ ማስታወቂያዎቹ የሸጠው ጊዜን ሳይሆን ውርስን ነው። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የነበረ የዚሁ ኩባንያ የወርቅ ሰዓት በ2017 ጄኔቫ ላይ ሊሸጥ ሲል የባለቤትነት ጥያቄ ተነሥቶ ከጨረታው መውጣቱ፣ ዕቃው የተሸከመው ትርጉም ከስሪቱ ምን ያህል እንደሚከብድ ያሳያል።

ሦስተኛው ለውጥ ገና አልተቋጨም። አፕል በ2015 ዋጋው ከ10,000 ዶላር የሚጀምር የወርቅ ስማርት ሰዓት አቀረበ፤ በዓመቱ ግን ከገበያ አነሣው። በጥቂት ዓመታት የሚያረጅ መሣሪያ ውርስ ሊሆን አይችልም። ኩባንያው ፊቱን ወደ ስፖርትና ጤና ሲያዞር ሌላ የወንድ አርአያ ጎልቶ ወጣ፦ እርምጃውን፣ እንቅልፉንና የልብ ትርታውን የሚቆጥር፣ ራሱን የገዛ ወንድ።

ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። የአብራሪውንም ሆነ የወራሹን ሰዓት የሚያነበው ባለቤቱ ብቻ ነበር፤ የዛሬውን ሌሎችም ያነቡታል። ጆን ሃንኮክ የተባለው የአሜሪካ መድን ድርጅት በ2018 የሕይወት መድን ውሎቹን ሁሉ የአካል እንቅስቃሴ መረጃ ለሚያጋሩ ደንበኞች ማበረታቻ ከሚሰጥ መርሐ ግብር ጋር እንደሚያያይዝ አስታወቀ። ተሳትፎው በፈቃድ ነው፤ ሆኖም መረጃውን የማያጋራ ሰው ቅናሹን ያጣል። ራስን የመግዛት ወግ የዋጋ መደራደሪያ ሲሆን፣ ጥያቄው ከፋሽን አልፎ የሕግ ይሆናል፦ የልብ ትርታው መዝገብ የማን ንብረት ነው? የሚጠቅመውስ ማንን ነው? የ1970ዎቹ የስዊዘርላንድ ሠራተኞች ለውጡን የተረዱት ሥራቸውን ካጡ በኋላ ነበር፤ ይህኛው ግን ውሉ ሳይፈረም ሊጠየቅ ይችላል።