የ23 ሚሊዮን ዶላሩ ሸክም

የቤዝቦል ተጫዋቹ ዴቭ ዊንፊልድ በታኅሣሥ 1980 እ.ኤ.አ. ከሳንዲያጎ ፓድሬስ ወደ ኒው ዮርክ ያንኪስ ሲዛወር የፈረመው የ10 ዓመት ውል እስከ 23 ሚሊዮን ዶላር ይደርስ ነበር። በቤዝቦል እስከዚያ ጊዜ ይህን ያህል ገንዘብ ተሰምቶ አያውቅም። የክለቡ ባለቤት ጆርጅ ስታይንብሬነር የኑሮ ውድነት ማካካሻው ውሉን ምን ያህል እንደሚያንረው የተረዱት ከፈረሙ በኋላ ነው።

ፈተናው ወዲያው መጣ። በ1981 ያንኪስ ከሎስ አንጀለስ ዶጀርስ ጋር ለዋንጫ ሲፋለም ዊንፊልድ 22 ጊዜ ሞክሮ የተሳካለት አንድ ምት ብቻ ነበር፤ ቡድኑም ተሸነፈ።

ኒው ዮርክ ያንን ሳምንት አልረሳችለትም። ከ1982 እስከ 1986 በየዓመቱ 100 እና ከዚያ በላይ ነጥብ ለቡድኑ ቢያስገኝም፣ በ1985 ስታይንብሬነር በጋዜጠኞች ፊት «ሚስተር ሜይ» አሉት። ዋንጫ በሚለይበት በጥቅምት ሳይሆን ውድድሩ ገና በሚሟሟቅበት በግንቦት ብቻ የሚያበራ ነው ለማለት ነው። ግፍ ነበር! አምስት ዓመት የለፋን ሰው በስድስት ጨዋታ መመዘን ፍርደ ገምድልነት ነው።

ጠቡ በዚህ አላበቃም። ስታይንብሬነር የዊንፊልድን ገመና እንዲያወጣላቸው ለአንድ ቁማርተኛ 40,000 ዶላር ከፍለው ስለተገኙ በ1990 ከክለቡ አስተዳደር ታገዱ። ዊንፊልድም በዚያው ዓመት ወደ ካሊፎርኒያ ተሸኘ።

በጥቅምት 1992፣ በ41 ዓመቱ፣ ለቶሮንቶ ብሉ ጄይስ ተሰልፎ በ6ኛው የፍጻሜ ጨዋታ 11ኛ ዙር ላይ በመታት ኳስ ሁለት ነጥብ አስገኘ። ቶሮንቶ አትላንታን 4 ለ 3 ረትቶ ዋንጫውን ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ካናዳ ወሰደ።