አፍ የሚፈታ ፊደል

ሕፃን መናገር ሲጀምር አማርኛችን «አፉን ፈታ» ይላል። የመጀመሪያ ቋንቋውንም «አፍ መፍቻ» እንለዋለን። አባባሉ ውብ ነው፤ ዳሩ ግን አንድ ጥያቄ ያስከትላል። አፉን ያልፈታውንስ ልጅ ማን አሰረው?

በልጅነቴ በመካነ ሰላም፣ በሰፈራችን፣ አፉን ያልፈታ ልጅ ነበረ። ጠጠር በመስመር እየደረደረ ይውላል፤ ስሙን ሲጠሩት ዘወር አይልም። ዝናብ ቆርቆሮውን ሲመታ ጆሮውን ይዞ ይጮኻል። እንግዳ ሲመጣ እናቱ ጓዳ ታስገባዋለች። ከጎረቤት አንዱ «ቡዳ በልቶት ነው» ሲል ሌላው «የእናቱ ኃጢአት ነው» ይላል። እንደ ወሎ ወግ ጠበሉም ዱዓውም አልቀረ። እኛ ልጆቹ ደግሞ የደረደረውን ጠጠር በእግራችን በትነን እንሮጥ ነበር። ሐኪም አላየውምና ስለ ሕመሙ ምዬ አልናገርም፤ ነገር ግን ከብዙ ዓመታት በኋላ «ኦቲዝም» የሚለውን ቃል ስሰማ መጀመሪያ በዓይኔ የመጣው ያ የተበተነ ጠጠር ነው።

የቃሉን ታሪክ ስከታተል የሰፈራችንን ፍርድ በሩቅ አገርም አገኘሁት። ሐኪሙ ሊዮ ካነር እ.ኤ.አ. በ1943 በአሜሪካ 11 ሕፃናትን መርምሮ ኦቲዝምን ራሱን የቻለ ችግር አድርጎ ጻፈ። ከዚያ በኋላ ግን ጥፋቱን በእናቶች «ቅዝቃዜ» ላይ የሚጥል አስተሳሰብ ነገሠ፤ ብሩኖ ቤተልሃይም እ.ኤ.አ. በ1967 ባሳተመው መጽሐፉ ይበልጥ አስፋፋው። ራሱ የኦቲዝም ተጠቂ ልጅ አባት የሆነው የሥነ ልቡና ባለሙያ በርናርድ ሪምላንድ ግን አስቀድሞ በ1964 ምክንያቱ ተፈጥሯዊ እንጂ የወላጅ ጥፋት አይደለም ብሎ ተከራክሮ ነበር። የእኛ መንደር በእርግማን ስም፣ የእነሱ ሊቅ በሳይንስ ስም ተናገሩ፤ የሁለቱም ጣት ግን በእናት ላይ ነበር።

በዚያው ዘመን በሎስ አንጀለስ ኢቫር ሎቫስ የተባለ ምሁር ሌላ መንገድ ጀመረ። አንድን ተግባር እጅግ ጥቃቅን ወደሆኑ እርምጃዎች ይከፋፍላል፤ ሕፃኑ አንዱን በፈጸመ ቁጥር ይሸልመዋል፤ ከዚያ ይደግመዋል። እ.ኤ.አ. በ1987 ባወጣው ጥናት በሳምንት እስከ 40 ሰዓት ከሠለጠኑት 19 ሕፃናት 9ኙ በመደበኛ ትምህርት ቤት አንደኛ ክፍልን ማለፋቸውን ገለጸ። ተስፋው ታላቅ ነበር፤ ነቀፋውም እንዲሁ። ሎቫስ በ1960ዎቹ ሕፃናትን በጥፊ፣ አልፎ ተርፎም በኤሌክትሪክ ንዝረት ቀጥቷል። ዛሬ ብዙዎቹ ባለሙያዎች ያንን ትተው በጨዋታ ወደሚያስተምር ዘዴ አዘንብለዋል። ከኦቲዝም ጋር ያደጉ ጎልማሶችም «ሌላውን እንድንመስል ሳይሆን ሐሳባችንን እንድንገልጽ እርዱን» እያሉ ይሞግታሉ።

ከታሪኩ ሁሉ እኔን የያዘኝ ግን አንድ ውጤት ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 ሎቫስና ባልደረቦቹ የቀድሞ ተማሪዎቻቸውን መለስ ብለው ቢያዩ፣ ወደ ማቆያ ተቋም የተመለሱት የተማሩትን ሲያጡ፣ ወላጆቻቸው ዘዴውን የሠለጠኑላቸው ግን እንደያዙት ቆዩ።

ይህን ሳነብ የኔታ ትዝ አሉኝ። ተማሪ «ሀ ሁ ሂ»ን በዜማ ሸምድዶ ፊደሉን ሳያይ ሊወርደው ይችላል። ስለዚህ አባቶች ተራውን አፋልሰው «አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ» ብለው ደረደሩት፤ ፊደሉን በለመደበት ስፍራ ብቻ ሳይሆን ባገኘበት ሁሉ እንዲለየው። በክሊኒክ ጠረጴዛ ላይ «ውኃ» ማለት የተማረ ልጅም እቤቱ ሲጠማው ካላለው ትምህርቱ ገና «ሀ ሁ» ላይ ነው፤ አቡጊዳው ያለው በእናቱ ጓዳ ነው።

ይህ ስም በአገራችን የኦቲዝም ታሪክ ውስጥም መኖሩ ደስ ያሰኛል። የኦቲዝም ተጠቂ ልጅ እናት የነበሩት ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ከአሜሪካ ተመልሰው የውበት ሙያ ትምህርት ቤት ከፈቱ፤ እ.ኤ.አ. በ2002 ደግሞ በአዲስ አበባ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን መሠረቱ። የማይናገሩ ልጆችን ለማስተማር የተገለገሉበት ስልት በፊደላችን ድምፆች ላይ የቆመ ነበር፤ ስሙንም ከአቡጊዳ ወሰዱለት። ልጃቸውን ሳይደብቁ በአደባባይ ስለ እርሱ ተናገሩ፤ እ.ኤ.አ. በ2021 እስካረፉ ድረስም አላቋረጡም። ወላጆች ያቋቋሙት ነህምያ የኦቲዝም ማዕከልም ተከተለ።

ቢሆንም ጓዳው ገና አልተከፈተም። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት በአዲስ አበባ ሁለት የሕፃናት የአእምሮ ጤና ክሊኒኮች 102 አሳዳጊዎችን አነጋግሮ ነበር፤ የመገለል ስሜቱ ከባድ ነበር፤ ሕክምናዊውና መንፈሳዊው ምክንያትም በብዙዎቹ አንደበት ተደባልቆ ተገኘ። እነዚህ እንኳ ክሊኒክ የደረሱት ናቸው። ከመካነ ሰላም ደሴ ድረስ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከዓባይ ሸለቆ አፋፍ ላለችው እናት ደግሞ መካነ ሰላምም ሩቅ ናት። በሳምንት 40 ሰዓት ክሊኒክ ማመላለስ ለእርሷ የማይታሰብ ነው። ስለዚህ የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀውና በኢትዮጵያም ተላምዶ የተሞከረው የአሳዳጊዎች ሥልጠና ትልቅ ተስፋ ነው፤ ሕክምናውን ሐኪም ወደሌለበት ደጃፍ፣ በእናት እጅ ያደርሰዋልና።

የሰፈራችን ልጅ እናት ልጇን የደበቀችው ጠልታው እንዳልነበረ አሁን ይገባኛል። የደበቀችው ከእኛ ነው። ጠጠሩን ስትለቅም፣ እንደገናም ከጎኑ ተቀምጣ ስትደረድርለት አይቻታለሁ። በልጁ መንገድ ገብቶ አብሮ መጫወት የዛሬዎቹ ባለሙያዎች ከሚያስተምሩት አንዱ ነው፤ እርሷ ማንም ሳያስተምራት ጀምራው ነበር። «ይበል፣ ቀጥይ» የሚላት አንድ ሰው ብቻ አጣች።