የድርጅት የመረጃ ቋትን ከክላውድ የትንተና ሥርዓት ጋር ማገናኘት

ግንኙነቱ ሲዘረጋ በቅድሚያ ሊጠበቅ የሚገባው የዕለት ሥራው ነው። ከባድ የትንተና ጥያቄ በዋናው የመረጃ ቋት ላይ በቀጥታ ቢካሄድ የሽያጭ ምዝገባን ሊያዘገይ ስለሚችል፣ ለንባብ ብቻ የተዘጋጀ ቅጂ ማገናኘት ይመረጣል። ለሥርዓቱ የሚከፈተው መለያም የማንበብ ፈቃድ ብቻ ይኖረዋል፤ የአስተዳዳሪውን የይለፍ ቃል ማዋስ፣ ለጊዜው ቢያቀልም፣ አይገባም።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው የሰዓት አቆጣጠር ነው። በርካታ የክላውድ ሥርዓቶች ካልተስተካከሉ በስተቀር የሚሠሩት በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት ነው፤ ኢትዮጵያ ደግሞ በ3 ሰዓት ትቀድማለች። በመሆኑም ከሌሊቱ 6 እስከ 9 ሰዓት የተፈጸመ ሽያጭ በቀዳሚው ቀን ሪፖርት ውስጥ ይገባል።

የደንበኞች ስምና ስልክ ለትንተናው ካላስፈለገ አይላክም። ከአገር ውጭ ወደሚገኝ ሰርቨር የሚተላለፍ የግል መረጃ በግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የተመለከቱትን ሁኔታዎች ማሟላት ይኖርበታል።